ማኅተም፣ እልፍኝና መሐላ፦ የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች አሥር ዓመታት (1900—1910 ዓ.ም.)

የአንድ አገር ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጠው ለነገሥታቱ ንግሥናና ሞት፣ ለጦር ሜዳው ድልና ሽንፈት ነው። አሮጌው ሥልጣን ደክሞ አዲሱ ገና ባልጸናበት ጊዜ የመንግሥቱ የዕለት ተዕለት ሥራ በማን እጅና በምን መሣሪያ ይካሄድ እንደነበረ ግን እምብዛም አይመረመርም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለውም ጊዜ ግብር ይሰበሰባል፣ ሹመት ይሰጣል፣ ለሠራዊቱ ቀለብ ይሰፈራል፣ ለውጭ መንግሥት መልእክተኛም መልስ ይጻፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ አለ፤ እጁ ግን አይታይም። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ይህን የማይታይ እጅ ለመመርመር ከ1900 እስከ 1910 ዓ.ም. ያለው ዘመን ሰፊ መስክ ይሰጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ የተሾሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነበር። ከተሾሙትም መካከል ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ስማቸው አዲስ ቢሆንም ሥራቸው አዲስ አልነበረም። አብዛኞቹ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በልዩ ልዩ ማዕረግ ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ሚኒስትር መባላቸው የራሳቸው የሆነ ሥልጣን አልሰጣቸውም። ነገሩን ያጣራሉ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባሉ፣ የተወሰነውን ያስፈጽማሉ። ቃሉ የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር።

ይህ ድርጅት ለምን በዚያን ጊዜ እንደተቋቋመ ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። አንደኛው፣ በብዙዎች ዘንድ ለአልጋው ይታሰቡ የነበሩት ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. መሞታቸውና የንጉሠ ነገሥቱም ጤና መታወክ መጀመሩ ነው። ሁለተኛው፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ነው። ውሉ በቃል የአገሪቱን ነፃነት ጠባቂ መስሎ ቢቀርብም፣ በተግባር ሦስቱ መንግሥታት በኢትዮጵያ ላይ ያላቸውን ጥቅም የተከፋፈሉበት ሰነድ ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ የሚታየው ማናቸውም ድካም በጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ዘንድ እንደ መልካም አጋጣሚ የሚቆጠር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም የአንድ ቤተ ሰብ ኀዘን ብቻ ሳይሆን የአገር ምስጢር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙ እየጸና በሄደ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሻቸው መሆኑን ለመኳንንቱ አስታወቁ። ወራሹ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በመሐላ ታሰሩ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በግዝት አጸኑት። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን የመታቸው ከባድ ሕመም ሰውነታቸውን አስሮ አንደበታቸውን ያዘ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቷ በሕይወት ያሉ፣ ነገር ግን የማይገዙ አገር ሆነች። መንግሥቱ ግን አልቆመም። እንዳይቆም ያደረጉት መሣሪያዎች ሦስት ነበሩ፤ እነርሱም ማኅተሙ፣ እልፍኙና መሐላው ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማኅተሙ ይነሣ። በኢትዮጵያ የመንግሥት አጻጻፍ ልማድ ደብዳቤን የንጉሥ ደብዳቤ የሚያደርገው ከራስጌው የሚያርፈው የአንበሳ ምስል ያለበት ማኅተም ነው። ንጉሡ በእጁ መፈረም አይጠበቅበትም። ማኅተሙ ካረፈ በሩቅ ጠረፍ ያለው ገዢ ትእዛዙን ቆሞ ይሰማል። ይህ ልማድ በደኅናው ጊዜ የሥራ ማቅለያ ነበር። ባለማኅተሙ አልጋ በያዙ ጊዜ ግን ጥያቄ አስነሣ፤ ማኅተሙን የሚያሳርፈው እጅ የማን ፈቃድ ይፈጽማል? ጸሐፊው ቃሉን ያረቃል፣ ሚኒስትሩ ይስማማል፣ ማኅተሙ ያርፋል፤ ተቀባዩም የሚያነብበው የምኒልክን ቃል ነው። አገሪቱ እንዳትበተን ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ የጽሕፈት ሥርዓት መሆኑ አይካድም። የዚያኑ ያህል ደግሞ ተጠያቂ የሌለው ሥልጣን የተወለደው ከዚሁ ነው። ትእዛዝ ሰጪው የማይናገር፣ ትእዛዝ ጸሐፊው የማይታወቅ ሆነ።

ሁለተኛው መሣሪያ እልፍኙ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በአደባባይ በማይታዩበት ጊዜ ፈቃዳቸው ይህ ነው ብሎ መናገር የሚችለው ከአልጋቸው አጠገብ የሚገባ ሰው ብቻ ነበር። የእልፍኙን በር የያዙት ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። እቴጌይቱ በአስተዋይነታቸውና በቆራጥነታቸው ከዓድዋ ዘመቻ አስቀድሞ ጀምሮ በመንግሥት ምክር ውስጥ የታወቁ ሰው ናቸው። በሕመሙ ወራት ሹም ሽሩን በእጃቸው አስገብተው ወንድማቸውን ራስ ወሌንና የወንድማቸውን ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን የመሰሉ የሰሜን መኳንንት ኃይላቸው እንዲጠነክር ጣሩ። የሸዋ መኳንንትና ሚኒስትሮቹ ይህን በሥጋት ተመለከቱት። ክርክሩ በውጭ ሲታይ ስለ ሥርዓትና ስለ አልጋ ወራሽ መብት ነው፤ በውስጡ ግን ለአልጋው ቅርብ የሚሆነው ማነው የሚል የመሳፍንት ወገኖች ትግል ነበር።

ትግሉ የተፈታበት መንገድ የዘመኑን የመንግሥት አሠራር ጉልህ አድርጎ ያሳያል። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ ከመሐል ሰፋሪው ጦር አለቆች ጋር መክረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ ወሰኑ። ውሳኔው የተነገረው ግን በሽረት ቃል አይደለም፤ እቴጌይቱ ከእንግዲህ ባላቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ በሚል የአክብሮት ቃል ነው። ንግግሩ ስለ አንድ በሽተኛ እንክብካቤ የተደረገ ይመስል ነበር፤ የተላለፈው ግን የአንድ አገር ሥልጣን ነው። እቴጌ ጣይቱ ቃሉን ተቀብለው ባላቸው እስኪያርፉ ድረስ ከአጠገባቸው ሳይለዩ ቆዩ። ከዚያም በኋላ በእንጦጦ ተወስነው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚህ ሂደት ውስጥ መታለፍ የማይገባው የመሐል ሰፋሪው ድርሻ ነው። መሐል ሰፋሪ ማለት በመናገሻው ከተማ ዙሪያ የሰፈረ፣ ቀለቡንና መሣሪያውን ከቤተ መንግሥቱ የሚያገኝ ጦር ነው። ሚኒስትሮቹ ማኅተም ቢኖራቸውም ያለዚህ ጦር ማኅተሙ ወረቀት ከማስጌጥ አያልፍም ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቼቦ ጦርነት ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ ሰው ሲሆኑ፣ በአእምሯቸው ብስለትና በዳኝነታቸው ከፍ ብለው ከሚኒስትሮቹ ሁሉ የበለጠ ተሰሚነት ያገኙበት አንዱ ምክንያት ምክራቸው ከጦሩ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜም ራስ አባተ ቧያለው በኃይል ሥልጣን ለመያዝ ሞክረው የአዲስ አበባ ጎዳና በደም ሳይታጠብ የቀረው በአቡነ ማቴዎስ አስታራቂነትና በመኳንንቱ ምክር ነው።

ከራስ ተሰማ ሞት በኋላ ሌላ እንደራሴ አልተሾመም፤ ልጅ ኢያሱ በራሳቸው መግዛት ጀመሩ። ሳይውል ሳያድር ግን የመንግሥቱ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ ወራሽ ወሎን፣ አፋርን፣ ሐረርጌን ሲዞሩ ብዙ ጊዜ ከመናገሻው ይርቃሉ፤ ሚኒስትሮቹ በአዲስ አበባ ተቀምጠው የዕለቱን ሥራ ያካሂዳሉ። በዚህ መካከል ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐዋጅ አልተነገረም፤ ለቅሶ አልተቀመጠም። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምስጢር ተቀመጠ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ወዳሠሩት ወደ ታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ተዛወረ። ወራሹም ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ። በአንጻሩ አባታቸው ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሳይኖራት፣ ነገር ግን የለም ሳይባል፣ ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆየች።

ምስጢሩ ለምን ተጠበቀ? የውጭ መንግሥታት ሥጋት አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን የበለጠው ምክንያት ከውስጥ ነበር። ሚኒስትሮቹ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ገዢዎች ሹመታቸውን የያዙት በምኒልክ ስም ነው። ስሙ ሲነሣ የሁሉም ሹመት እንደ አዲስ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ የሞተው ንጉሥ ዝምታ ለሕያዋኑ ሹማምንት ዋስትና ሆነ። ሕዝቡ ግን ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም በማን ስም እንደሚገዛ ሳይነገረው ግብሩን መክፈሉንና ቀለብ ማቅረቡን ቀጠለ።

ሦስተኛው መሣሪያ፣ መሐላው፣ ኃይሉ የታየው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ወገን አዘንብለዋል እያሉ በሚወተውቱበት፣ የሸዋ መኳንንትም ስለ ሹመታቸውና ስለ ሃይማኖታቸው በሚያጉረመርሙበት ጊዜ፣ ለሽረቱ የተሰናዱት ሰዎች ያጋጠማቸው ትልቁ መሰናክል ጦር አልነበረም፤ ሁሉም የማሉት መሐላ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በቤተ መንግሥቱ በተደረገው ጉባኤ የልጅ ኢያሱ ጥፋት ተብሎ የቀረበው ክስ ተነበበ። አቡነ ማቴዎስ ካመነቱ በኋላ ጉባኤውን ከመሐላው ፈቱ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ ተወሰነ። በመሐላ የታሰረ መንግሥት የሚፈታውም በመሐላ ፈቺው ቃል መሆኑ በዚያ ቀን ታየ።

የተፈታው መሐላ ግን ደም ሳያፈስ አልቀረም። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ገሠገሡ፤ ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ከብዙ ወታደር ጋር ወደቁ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለንጉሡ የማባበያ ደብዳቤ እየላኩ የሸዋ ጦር እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደገዙ ይተረካል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የብዙ ሺህ ገበሬና ወታደር ሕይወት ጠፋ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በእልፍኝና በጽሕፈት ቤት የተጠመጠመው ቋጠሮ በመጨረሻ የተቆረጠው በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ደም ነው።

ሚኒስትሮቹ ከዚህ ሁሉ ማዕበል ወጥተው በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ቦታቸውን እንደያዙ ቀሩ። የመውደቂያቸው ጊዜ የመጣው በ1910 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መሐል ሰፋሪው ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ በሥራቸው ደካሞች፣ በአስተዳደራቸው በዳዮች ናቸው በማለት እንዲሻሩ ጠየቀ። የመንግሥቱ መሪዎችም ጥያቄውን መቀበል ግድ ሆነባቸው። ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ሁሉ ተሻሩ። አሥር ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ስም ሲያዝዙ የኖሩት ሹማምንት በራሳቸው ስም በተጠየቁ ጊዜ የሚቆምላቸው አልተገኘም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተረፉትም ከማኅተሙ ሌላ የራሳቸው ጦርና በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ዳኝነት ስለነበራቸው ነው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ከሥልጣናቸው የነቀነቃቸው አልነበረም።

ይኸው አካሄድ ከ56 ዓመታት በኋላ በሌላ መልክ ተደግሟል። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት አገር የሕዝብ ቁጣ አስቀድሞ የሚያርፈው በሚኒስትሮች ላይ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የወታደሩ፣ የመምህራኑ፣ የተማሪውና የታክሲ ነጂው ጥያቄ በተፋፋመ ጊዜ ሥልጣኑን የለቀቀው የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ነበር። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በ1910 ዓ.ም. የሚኒስትሮቹ መሻር ዙፋኑን አሳርፎታል፤ በ1966 ዓ.ም. ግን ጋሻው ሲነሣ ዙፋኑ ራሱ ተጋልጦ ከሰባት ወር ያነሰ ጊዜ ብቻ ቆየ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ የእነዚያ ሚኒስትሮች ትጋት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ንጉሥ ሳይኖር ግብር ሰብስበዋል፣ ጦር ቀልበዋል፣ ውል ሲያደቡ ለነበሩ መንግሥታት ቀዳዳ ሳይከፍቱ አገር አቆይተዋል። በሌላ በኩል፣ አገሪቱን ያቆዩበት ምስጢር ራሳቸውን በልቷቸዋል። በስውር የሚሠራ መንግሥት ጊዜውን ሊሻገር ይችላል፤ እምነትን ግን ሊያከማች አይችልም። የታሪክ ጸሐፊም ሆነ ተውኔት ደራሲ ያን ዘመን ሲያነሣ ዐይኑን ከዙፋኑ ዝቅ አድርጎ ወደ ማኅተሙ፣ ወደ በሩና ወደ መሐላው ቢመልስ፣ የሥልጣን ትግሉን እውነተኛ ስፍራ ያገኘዋል። ከሁሉም በላይ፣ ያ ሁሉ ሲመከር ከግቢው ውጭ ሆኖ ቀለቡን ሲሰፍርና ልጁን ለሰገሌ ሲልክ የነበረውን፣ ነገር ግን ማንም ያላማከረውን ሕዝብ ያገኘዋል።