ስለ ለንደን የጢስ ማውጫ ጠራጊ ሕፃናት

ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የለንደን ከተማ በጡብና በድንጋይ እንደ ገና ስትታነጽ፥ በየቤቱም የሚነደው የድንጋይ ከሰል እየበዛ ሲሄድ፥ የጢስ ማውጫዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ሆነው ተሠሩ፤ አንዳንዶቹም በአራቱም ጐን ከ23 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ስለ ነበሩ፥ በውስጣቸው የተጋገረውን ጥቀርሻ ፍቆ ለማውረድ ጐልማሳ ሰው ሊገባባቸው አልቻለም። ስለዚህ የሙያው አለቆች ሕፃናትን ፈለጉ።

ወላጅ የሞተባቸውን፥ ወይም ወላጆቻቸው በድኽነት ምክንያት ሊመግቧቸው ያልቻሉትን ልጆች፥ ገና በአምስትና በስድስት ዓመታቸው፥ የየአጥቢያው የድኾች መጋቢዎች በውል ለጠራጊው አለቃ አሳልፈው ይሰጧቸው ነበር። ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ልብሱን አውልቆ፥ በክርኑና በጉልበቱ እየገፋ በጨለማው ውስጥ ይወጣል፤ ቆዳው በተላጠም ጊዜ እንዲጠነክር በጨው ውሃ ይታሻል፤ ሌሊት ደግሞ የሚተኛው በዚያው ቀን ጥቀርሻ በተሸከመበት ከረጢት ነው። ገላ መታጠብ ለእርሱ እንደ በዓል የሚቈጠር ነገር ነበር።

በ1775 የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ጠቢብ የነበረው ፐርሲቫል ፖት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ገጾች ለእነዚህ ልጆች ሰጠ። ጠራጊዎቹ «የጥቀርሻ ኪንታሮት» የሚሉት፥ ብዙዎች ሐኪሞች ግን የአባለ ዘር ደዌ መስሏቸው በባዜቃ ያክሙት የነበረው ቍስል፥ በቈለጥ ከረጢት እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ከሚቀረው ጥቀርሻ የሚነሣ ነቀርሳ (ካንሰር) መሆኑን ገለጸ። ነቀርሳ ከጥቁር ሐሞት መብዛት ይመነጫል ሲባል ለብዙ ዘመናት ኖሮ፥ ከውጭ የሚመጣ፥ በእጅም ሊዳሰስ የሚችል አንድ ነገር ምክንያቱ መሆኑ እንዲህ በግልጽ ሲነገር ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ቍስሉ የሚታየው ልጁ ካደገ በኋላ፥ ምናልባትም ሥራውን ከተወ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለ ነበር፥ አለቃው በሕፃኑ ላይ ያደረሰውን ጕዳት በዓይኑ ሳያይ ይቀር ነበር።

እውነቱ ከታወቀ በኋላ የሕጉ መዘግየት እጅግ ያሳዝናል። የ1788ቱ ድንጋጌ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ቢያዝም አስፈጻሚ አልነበረውም፤ ከዚያም በኋላ የወጡት ሕጎች እንደዚሁ ሲጣሱ ኖረው፥ በ1875 አንድ ልጅ በካምብሪጅ አጠገብ በአንድ ሆስፒታል የጢስ ማውጫ ውስጥ ታፍኖ በመሞቱ፥ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበረው ሎርድ ሻፍትስበሪ ጠራጊዎች ሁሉ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድደውን ሕግ አስወሰነ። ከፖት መጽሐፍ እስከዚህ ድረስ መቶ ዓመት ሙሉ አለፈ። ሄንሪ በትሊን የተባለውም ሐኪም በ1892 እንዳስረዳው፥ በጀርመንና በቤልጅግ ያሉ ጠራጊዎች ሰውነታቸውን የሚሸፍን ልብስ ስለሚለብሱና ስለሚታጠቡ፥ ይህ ደዌ በእነርሱ ዘንድ ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ የሕፃናቱ መዳኛ ከሳሙናና ከልብስ የራቀ አልነበረም።

ጥቀርሻው ነቀርሳ የሚያመጣበት መንገድ ግን የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት በጥንቸሎች ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለብዙ ወራት እየቀቡ ነቀርሳ አበቀሉ፤ በ1933ም የለንደን ኬሚስቶች ከዚሁ ቅጥራን፥ በጥቀርሻም ውስጥ የሚገኘውን፥ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ውሁድ ለይተው አወጡ። የዚህ ውሁድ አሠራር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ምክንያቱም በራሱ ብዙ የማይጐዳ ሲሆን፥ ሰውነት በውሃ አሟሙቶ ሊያስወግደው ሲሞክር ባሕርዩ ይለወጥና የዘር ውርስ መመሪያ ከተጻፈበት ከሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ሲከፈል፥ በብራና ላይ የፈሰሰ ቀለም ገልባጩን እንደሚያሳስት፥ ቅጂው ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሕዋሳት ያለ ልክ እንዳይበዙ በሚገታው፥ ፒ53 በሚባለው ዘረ መል ላይ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ልጓም የሌለው መራባት ሊጀምር ይችላል። አንዱ ስሕተት በሌላው ላይ እስኪደረብ ድረስ ግን ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ የፖት ጠራጊዎች ከጐለመሱ በኋላ የታመሙበትም ምክንያት ይህ ነው።

ይኸው ውሁድ በትንባሆ ጢስ ውስጥ አለ፤ በማገዶ ጢስም ውስጥ አለ። በሊዮን ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት የጠራጊዎችን ጥቀርሻ በእርግጠኛ የነቀርሳ ምክንያቶች ተራ ሲመድበው፥ በቤት ውስጥ የሚነደውን የእንጨት ጢስ ደግሞ ነቀርሳ ማምጣቱ በብርቱ ከሚገመተው ተራ አስገብቶታል፤ ጢስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት፥ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው እንጀራ የሚጋግሩት እናቶቻችንም በየዕለቱ የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው።