የካናዳን ታሪክ እንደገና የሣለው የክሪ ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በ2017 መባቻ ካናዳ 150ኛ ዓመቷን ለማክበር ሽር ጉድ ስትል፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከሥዕሎቹ አንዱ «ጩኸቱ» ይባላል። ቀይ ኮት የለበሱ ፖሊሶች፣ ቄሶችና መነኮሳት ልጆችን ከእናቶቻቸው እቅፍ ሲነጥቁ ያሳያል። ወደ 150,000 የሚጠጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች የገቡባቸው፣ የመጨረሻዎቹ እስከ 1990ዎቹ የዘለቁት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። የሠዓሊው አያትም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበሩ።

ሠዓሊው ኬንት ሞንክማን ይባላል። በ1965 ኦንታርዮ ውስጥ ተወልዶ በማኒቶባዋ ዊኒፔግ ያደገ፣ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ ተወላጅና የፊሸር ሪቨር ክሪ ማኅበረሰብ አባል ነው። መጀመሪያ ረቂቅ ሥዕል ይሠራ ነበር፤ በሸራዎቹም ላይ ከክሪ መዝሙር መጽሐፍ የተቀዱ ፊደላትን ያሰፍር ነበር። የክሪ ፊደል እንደ ግዕዝ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ አናባቢው ሲለወጥ ምልክቱ ይዞራል። ሞንክማን ግን በረቂቅ ሥዕል የሕዝቡን ታሪክ ለብዙኃኑ ማድረስ እንደማይችል ተሰማው።

ስለዚህ ፊቱን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን አሣሣል አዞረ። እነ ፖል ኬንና ጆርጅ ካትሊን ነባሮቹን ሊጠፉ እንደተቃረቡ ሕዝቦች ሥለዋቸው ነበር። ሞንክማን የዚያን ዘመን ጥበብ ተውሶ ሚስ ቺፍ የተባለች ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ተጫምታ በታሪክ መካከል እንዳሻት የምትመላለስ፣ የወንድም የሴትም መንፈስ ያላት ናት። በዲሴምበር 2019 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በታላቁ አዳራሹ ሁለት ግዙፍ ሥዕሎቹን ሰቀለ። በአንደኛው፣ ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን የደላዌርን ወንዝ ሲሻገር በሚያሳየው ታዋቂ ሥዕል አምሳል በተሣለ ጀልባ ላይ፣ በጄኔራሉ ስፍራ ሚስ ቺፍ ቆማለች።

በዚህ ክብር ጫፍ ላይ እያለ ነው ውዝግቡ የተነሣው። በሜይ 2020 ይፋ ያደረገው ሥዕል የያኔውን የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶን በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በከፊል ተራቁተው ያሳያል። ከኋላቸው ሚስ ቺፍ አለች፤ ዙሪያውን የነባር ሕዝቦች ሴቶች ይስቃሉ። ሠዓሊው በሥዕሉ የሚታየው ወሲባዊ ድርጊት በስምምነት የሚፈጸም መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አኑሬበታለሁ አለ፤ ዒላማውም ነባሮቹን የበደለው የመንግሥትና የፖሊስ ሥርዓት ነበር።

ተቃውሞው ግን ከራሱ ወገን፣ በተለይ ከነባር ሕዝቦች ሴቶች መጣ። የተገደሉና የጠፉ የነባር ሕዝቦች ሴቶችን ጉዳይ የመረመረው ብሔራዊ ኮሚሽን ሪፖርቱን ካቀረበ ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ወሲባዊ ጥቃት በእነርሱ ላይ ምን እንዳደረሰ የሚያውቁ ሴቶች፣ ጥቃት በሚመስል ነገር ፊት ሲስቁ መሣላቸውን አልተቀበሉም። የሠዓሊው ዓላማ ምንም ቢሆን፣ ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ሸራው ላይ ያለው ነው፤ በዚያ ሸራ ላይ ደግሞ ፈቃደኝነት ጎልቶ አይታይም። ሞንክማንም ብዙ አልተከራከረም፤ ምልክቶቹ በበቂ ሁኔታ እንዳልጎሉ፣ ሥዕሉም ሰዎችን ሊጎዳ እንደሚችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላም ሥራው አልቆመም። በ2022 በቶሮንቶው ሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ሥዕሎቹን አሳየ። በ2023 ከረጅም ጊዜ የሥራ አጋሩ ከጂዜል ጎርደን ጋር የሚስ ቺፍን «የሕይወት ታሪክ» በመጽሐፍ አወጣ።

ካናዳ ከ2021 ጀምሮ ሴፕቴምበር 30ን የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ቀን አድርጋ በአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ የተጎዱትን ታስባለች። «ጩኸቱ» ግን ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ ዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። በ2025 ያው ሙዚየም ለሞንክማን ሰፊ ዐውደ ርእይ ከፍቶለት፣ ትርኢቱ በዚያው ዓመት ወደ ካናዳዋ ሞንትሪያል ተሻግሯል።