ፓርክ ቱ ፕላያ

በአሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ የሚገኝ የእግር ጉዞና የሩጫ መስመር። የባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ፓርኮችን አያይዞ ፕላያ ዴል ሬይ አጠገብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይደርሳል። ርዝመቱ 13 ማይል፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ኮረብታዎቹ የሚገኙት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ በስተደቡብ ነው። ሰፈሩ ይህን ስያሜ በይፋ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር።

መስመሩ ከምሥራቅ ጫፉ ከስቶከር ኮሪደር ተነስቶ ኬኔት ሃን ፓርክን ያቋርጣል። ዛሬ ሰው በለምለም ሣር ዙሪያ የሚሮጥበት የዚህ ፓርክ ጎድጓዳ ስፍራ ቀድሞ የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) ግድቡ ተደርምሶ 5 ሰዎች ሞተዋል፣ በርካታ ቤቶችም ወድመዋል። የእ.ኤ.አ. 1932ቱ የኦሊምፒክ መንደር የተሠራውም በእነዚሁ ኮረብታዎች ላይ ነው።

ፓርኮቹን ለረጅም ጊዜ ለያይቷቸው የኖረው ተሽከርካሪ የሚበዛበት ላ ሲዬኔጋ ጎዳና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶበት መስመሩ ተገናኘ።

ከዚያ በስተምዕራብ፣ 282 ደረጃ ያለው የባልድዊን ሂልስ ማማተሪያ የሯጮችን ጉልበት ይፈትናል። ቀሪው መንገድ የባዮና ወንዝን ተከትሎ እስከ ውቅያኖሱ የሚዘልቅ ሜዳ ነው።