መንገድ ከተሠራ በኋላ የማን ነው?

የመንገዳችን ታሪክ ዘወትር የሚነገረው በግንባታው ነው፤ እኔ ግን ዛሬ በጥገናው በኩል ልመለከተው እወዳለሁ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሠራቸው መንገዶች ጠባቂ አጥተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጎዱ። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ተደግፎ የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከቀዳሚ ተግባራቱ አንዱ እነዚህኑ ማደስ ነበር። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ደግሞ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ተደነገገ። በእኔ ንባብ ይህ ድንጋጌ በመንግሥት ላይ ዕዳ ይጥላል፤ አሽከርካሪው ነዳጅ በቀዳ ቁጥር የጥገናውን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሏልና። እንግዲህ ባልተደፈነ ጉድጓድ ምክንያት ሰው ሲሞት፣ «የአሽከርካሪ ጥፋት» ብሎ ብቻ መዝገቡን መዝጋት የዕዳውን ባለቤት መሰወር ነው።