ስለ ማርሚታ ታሪክና ስለ ጐረቤት ጆሮ

አንድ ዕቃ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ሕዝቡ ስም የሚያወጣለት በመጀመሪያ ካየው ወይም ከሰማው ጠባዩ ተነሥቶ ነው። ሞተር ብስክሌት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ሕዝባችን ስለ ፍጥነቱ ወይም ስለ ጕልበቱ ስም ሊያወጣለት ይችል ነበር። ነገር ግን «ዶቅዶቄ» አለው። ይህ ስም የወጣው ከጩኸቱ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እኔም ዛሬ የምነግርህ የዚህን ጩኸት ታሪክ፣ ሰዎችም ጩኸቱን ለማብረድ የደከሙትን ድካም ነው። ነገሩ ሲጀምር ስለ ብረት ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ስለ ሰው ጠባይ ነው።

የጅማ አገር ሞተር ከመምጣቱ በፊት ፍጹም ጸጥተኛ ነበረ ለማለት አይቻልም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኰረብታ ላይ ሲሆን፣ ከበታቹ በሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እጅግ የታወቀ ነበር። ቡናውና ሌላው ሸቀጥ በሲራራ ነጋዴዎች በቅሎ እየተጫነ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። የነጋዴው ጥሪ፣ የበቅሎው ኮቴ፣ የገበያተኛው ሁካታ ሁሉ ነበረ። ነገር ግን ይህ የሰውና የከብት ድምፅ ስለ ሆነ፣ ማታ ሰውና ከብት ሲደክሙ ድምፁም አብሯቸው ያርፍ ነበር። ሞተር ግን ድካም አያውቅም፤ ቤንዚን እስካለው ድረስ ሌሊቱም እንደ ቀን ነው።

የዚህ ሞተር ትውልድ በጀርመን አገር ነው። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ። ጐትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ ደግሞ በ1885 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ሞተር አሳንሰው በእንጨት በተሠራ ብስክሌት መሰል ዕቃ ላይ አቆሙት። ጕልበቱ የግማሽ ፈረስ ያህል ብቻ ነበረ፤ ዛሬ በአጋሮ መንገድ የምታየው ዶቅዶቄ ሁሉ ግን የዚያ የእንጨት ዕቃ የልጅ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓና የአሜሪካ መንገድ በፈረስና በጋሪ የተሞላ ስለ ነበረ፣ ሞተር ሲሰማ የሚደነብረው ፈረስ ብዙ ነበር። ስለዚህ ሞተርን የማስጮኽ ሳይሆን የማብረድ ጥበብ ወዲያው አስፈለገ። በ1897 እ.ኤ.አ. ሚልተን ሪቭስና ወንድሙ ማርሻል የተባሉ አሜሪካውያን የሞተርን የጭስ መውጫ ድምፅ የሚያበርድ ዕቃ ሠርተው ከመንግሥታቸው የፈጠራ መብት ተቀበሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የአንድ አባትና የአንድ ልጅ ነገር ነው። አባቱ ሃይረም ማክሲም በ1884 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ በራሱ እየጐረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ ፈጠረ። በጎረቤታችን በሱዳን፣ በኦምዱርማን ጦርነት በ1898 እ.ኤ.አ. ከወደቁት አሥር ሺህ ያህል ሰዎች ብዙዎቹን የጨረሰ ይህ መሣሪያ ከመድፍና ከጠመንጃ ጋራ ሆኖ ነው። ማክሲም በስተ እርጅናው ጆሮው ደነቈረ፤ ያደነቈረውም የገዛ ፈጠራው ተኩስ ነው። ልጁ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ግን በ1909 እ.ኤ.አ. የጠመንጃን ድምፅ የሚያፍን ዕቃ ፈጠረና መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡ የመጣለት በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ውሃው እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ሲወርድ አይቶ ነው ይባላል። ኩባንያውም በኋላ የጠመንጃውን ሥራ ትቶ ለሞተር የሚሆን የድምፅ ማብረጃ ወደ መሥራት ዞረ። እንግዲህ አባትየው ዓለምን አስጮኸ፤ ልጅየው የጩኸትን አፍ ለመዝጋት ደከመ። ከሁለቱ ሥራ የትኛው ይበልጥ ብልሃት እንደሚጠይቅ አንተ ራስህ ፍረድ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። በጅማ ግን የሞተር ድምፅ በርትቶ የተሰማው ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ከተማዪቱን ይዘው በነበሩበት ዘመን ነው። እነርሱ ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አድርገዋት ስለ ነበረ ካሚዮኑም ዶቅዶቄውም ጋራዡም መጣ። ጠላት ተሸንፎ ሲወጣ የጋራዡ ቋንቋ ግን በመካኒኮቻችን አፍ ቀረ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የምንለው ሁሉ የዚያ ትሩፋት ነው። የጭስ መውጫውን የድምፅ ማብረጃ «ማርሚታ» የምንለውም ከዚያው ነው። ማርሚታ በኢጣልያንኛ ትልቅ ድስት ማለት ነው። በእውነትም ስሙ ተስማሚ ነው፤ ጥሬው ጩኸት በዚያ ድስት ገብቶ በስሎ ይወጣልና።

ይህ ድስት ጩኸትን እንዴት እንደሚያበስል ልንገርህ። በሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በካንዴላ ብልጭታ ሲቃጠሉ ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል። ግፊቱን ፈጽሞ የጭስ መውጫው ቫልቭ ሲከፈት፣ የቀረው ጋዝ ገና ከውጭው አየር ይልቅ ኃይሉ አያሌ እጥፍ ስለ ሆነ ተወርውሮ ይወጣል። አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ነገር 3,000 ጊዜ ይደረጋል፤ በሰኮንድ ሲታሰብ 50 ጊዜ ነው። ማርሚታው ውስጡ ባዶ ከሆነ ይህ ሁሉ ተኩስ እንዳለ ወደ መንደሩ ይወጣል። በውስጡ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባቸው ቧንቧዎችና የብረት ግርዶሾች አሉ። ጋዙ በእነርሱ መካከል ሲያልፍ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ በብዙ ቀዳዳ ይከፋፈላል፤ ከግርዶሹ ተመልሶ የሚመጣውም የድምፅ ሞገድ ከኋላው ከሚመጣው ጋራ እየተጋጨ ኃይሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ብርቱ ቡጢ የነበረው ብዙ ለስላሳ እስትንፋስ ሆኖ ይወጣል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1978 ዓ.ም. ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት የቡና ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ የግብርና ሠራተኛ ጓደኛ ነበረኝ፤ የዶቅዶቄውም ማርሚታ በጭቃና በዝናብ ዝጎ ግርዶሹ ተበጣጥሶ ነበር። ሁለታችንም ወጣቶች ነበርንና እንደ ማደስ ፈንታ የቀረውን ግርዶሽ አስወጥተን ጣልነው። ድምፁ እንደ ነጐድጓድ ሆነ። እኛም ሞተሩ የበረታ መሰለን። እኔም አንድ ቅዳሜ በገበያ ቀን ተውሼው ወጣሁ፤ ተማሪዎቼ እንዲያዩኝም ነዳጁን እየሰጠሁ አስጮኸሁት።

ከከተማው በታች ካለው ትንሽ ድልድይ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጆንያ ጀንፈል የጫነች በቅሎ እየሳቡ ይመጡ ነበር። በቅሎዪቱ ድምፁን በሰማች ጊዜ ደነበረችና ገመዱን ከእጃቸው ነጥቃ ከመንገዱ ወረደች። እኔ ስደርስ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ወድቃ የፊት እግሯ ተሰብሯል፤ አንዱ ጆንያ ተቀድዶ ጀንፈሉ በውሃው ላይ ይሄዳል። ውሃ የነካው ጀንፈል ይሻግታል፤ ሚዛን ቤቱም አይቀበለውም። የዓመት ልብስና የግብር ገንዘብ በዓይኔ ፊት በወንዝ ሲወርድ አየሁ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የበቅሎዪቱንም የቡናውንም ዋጋ ከደመወዜ እከፍላለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በኦሮምኛ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «እሺ ልጄ፣ የእኔን ትከፍላለህ። ነገ በዚህ መንገድ የሚመጣውስ ሰው የበቅሎውን ዋጋ ማንን ይጠይቃል?»

ዕዳውን በስምንት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። የሽማግሌው ጥያቄ ግን በገንዘብ የሚከፈል አልነበረም። ስለዚህ በማግስቱ ከጓደኛዬ ጋራ ሆነን ዶቅዶቄውን እየገፋን፣ ሳናስነሣው፣ ወደ አንድ በያጅ ወሰድነው።

ያ በያጅ ብዙ ያልተማረ፣ እጁ ግን የተማረ ሰው ነበር። አዲስ ማርሚታ በከተማው ስላልተገኘ ከማርሚታው ጅራት የሚገባ ቀጭን የብረት ቧንቧ ቈረጠና ጫፉን በብረት ክዳን ዘጋው። «አሁን ጐኑን እንበሳዋለን፤ ቀዳዳው ከበዛ ይጮኻል፤ ካነሰ ሞተሩ ይታፈናል» አለ። እዚህ ላይ የሒሳብ አስተማሪነቴ ጠቀመ። ጋዙ የሚመጣበት ቧንቧ ውስጡ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። የምንበሳው ቀዳዳ ግን 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሠላሳን ለአምስት ስናካፍል ስድስት፤ ስድስትን በስድስት ስናበዛ 36 ይሆናል። ስለዚህ 36 ትንንሽ ቀዳዳዎች የአንዱን ትልቅ ቀዳዳ ያህል ጋዝ ያሳልፋሉ፤ እኛም ጥቂት ጨምረን 40 በሳን። በያጁ ቧንቧውን በብረት ክር ጠቅልሎ አስገባውና ለማጽዳት እንዲወጣ በብየዳ ፈንታ በቡሎን አሰረው። እንዳይዝግም ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ከበታቹ አደረገለት።

ሞተሩን ባስነሣነው ጊዜ ቃል በቃል መነጋገር ቻልን። ጕልበቱ ይቀንሳል ብለን ፈርተን ነበር፤ ይሁን እንጂ የአጋሮን ዳገት እንደ ቀድሞው ወጣው። በኋላ እንደ ተረዳሁት የሞተሩ ፋብሪካ የቤንዚኑንና የአየሩን መጠን የሚያዘጋጀው ማርሚታው ሙሉ ሆኖ ሳለ ነው። ሆዱን ባዶ ያደረገው ሰው አየሩ ከቤንዚኑ እንዲበዛና ሞተሩ እንዲግል ሊያደርገው ይችላል። የሚያተርፈው ጩኸቱን ብቻ ነው። አበው «ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል።

ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት መንገድ ዶቅዶቄውና ባጃጁ በዝቷል። ወላድ ወደ ሐኪም፣ ገበሬውንም ወደ ገበያ ያደርሳልና በረከት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። የምነቅፈው ደኅና ማርሚታ ገዝቶ ሆዱን የሚያስወልቀውን ወጣት ነው። ሕጉም ይህን አይወድም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ጩኸትን ከብክለት ቈጥሮታል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተወሰነውም ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ማርሚታው የተከፈተ ዶቅዶቄ ግን በቅርብ ሲሰማ ከ100 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚጐዳውም ነጂው ራሱ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮአችን ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ 15,000 ያህል ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። የጤና ሊቃውንት 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራሉ፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 100 ዴሲቤል ሲደርስ የተፈቀደው ጊዜ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ከጅማ እስከ አጋሮ ያለው 45 ኪሎ ሜትር ግን በሩብ ሰዓት አይጨረስም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በልጅነቴ በተማርሁበት በሚስዮን ትምህርት ቤት ክፍሎቹ የሚለዩት በስስ ሳንቃ ነበር። ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብ መምህራችን ሳንቃውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ወዲያም ተማሪ አለ» ይሉን ነበር። ትርጕሙ የገባኝ በዚያ ድልድይ አጠገብ ነው። ሌሊት በመንደር ውስጥ ስታልፍ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የታመመ አለ፤ ሕፃን ያስተኛች እናት አለች፤ ለፈተና የሚያጠና አለ። እነዚህ ሁሉ ወጥተው አይከሱህም፤ ብቻ ተገላብጠው ይተኛሉ። በውስጡ ግርዶሽ ያለው ማርሚታ ለእነርሱ የተሠራ ሳንቃ ነውና አታፍርሰው፤ ፈርሶም እንደ ሆነ በያጁ ከሩቅ አይደለምና ነገ ወስደህ አስጠግነው።