አስመራ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከአዲስ አበባ ለየቱ ትቀርባለህ፣ ለናይሮቢ ወይስ ለአስመራ? ካርታ ሳላይ ብትጠይቁኝ “ናይሮቢ” ነበር የምላችሁ። አስመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ናይሮቢ ከ1,100 ትበልጣለች። እኔ ያደግኩት ከ1990ው ጦርነት በኋላ፣ አስመራ “እነሱ ጋ” ስትባል እየሰማሁ ነው።

ጀርመኖችም እንዲሁ ናቸው። ካርቦንና ሌደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎችን የከተሞችን ርቀት አስገምተው ነበር። የድሮውን የምሥራቅና የምዕራብ ድንበር የሚሻገረው ርቀት ከእውነቱ በላይ ተገመተ፤ ውህደቱን ያልወደዱትማ ጭራሽ አራዘሙት። እኔ የምጽፈው ኮድ ርቀት ለማስላት ሁለት ነጥብ ይበቃዋል፣ “እኛ” እና “እነሱ” የሚል ነገር አይጠይቅም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ አስመራ ሲያርፍ በረራው ማጠሩ ገረመኝ። እናቴ ግን ምንም አልመሰላት፦ “ድሮስ መቼ ሩቅ ነበር?”