የአዳም ውድቀት፦ በሽታ ወይስ ዕዳ?

ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል በሚለው ክርስቲያኖች እምብዛም አልተጣሉም። ጠባቸው የጎደለው ምንድን ነው፣ በምንስ ይሞላል በሚለው ላይ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ አዳምን ገና እንዳልበሰለ ሕፃን ያየው ነበር፤ ክርስቶስ የአዳምን መንገድ ከመነሻው እንደገና ተጉዞ አቀናው ይላል። የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ማለት ነው፣ ነገሩን በሥዕል ያስረዳል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ መልክ ቢበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ ባለ መልኩ ራሱ ተመልሶ ይመጣና መልኩ እዚያው ላይ ይታደሳል። ሰው በስብሷል፤ መድኃኒቱ ሕይወት ራሱ ሥጋ መልበሱ ነው። ለእኔ ከዚህ የሚሻል ማብራሪያ የለም።

የሰሜን አፍሪካው አውጉስጢኖስ ግን ወደ ውስጥ ቆፈረ። በ16ኛ ዓመቱ፣ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው ታጋስቴ፣ ከጓደኞቹ ጋር በውድቅት ሌሊት የሰው የፒር ዛፍ አራግፎ ሰረቀ። አልራባቸውም፤ እሱ እንዲያውም የተሻለ ፒር ነበረው። አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ጳጳስ ከሆነ በኋላ «ኑዛዜ» የተባለ መጽሐፉን ሲጽፍ ለዚህች ስርቆት ብዙ ገጽ ሰጣት፤ ያስጨነቀው ፍሬው ሳይሆን ክፋቱ ራሱ ጥሞት መገኘቱ ነው። ፈቃድ ከተጣመመ ሰው በምኑ ራሱን ያቀናል? ከብሪታንያ የመጣው ጴላግዮስ ፈጣሪ የማይቻል ነገር አያዝም፣ ስለዚህ ሰው በራሱ ፈቃድ ሊታዘዝ ይችላል ባይ ነበር፤ በ418 እ.ኤ.አ. የካርቴጅ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ።

ከዚያ ወዲህ ምዕራቡ ችሎት ገባ ማለት ይቻላል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በ1098 በጨረሰው ድርሰቱ ኃጢአትን ያልተከፈለ የክብር ዕዳ አደረገው፤ መክፈል የሚገባው ሰው አቅም የለውም፣ አቅም ያለው አምላክ ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ። ስሌቱ ያምራል፣ የባላባት ችሎት ግን ይሸታል። ሉተርም በአውጉስጢኖስ ስም የሚጠራ ማኅበር መነኩሴ ነበር፤ ስለ ውርስ ኃጢአት ላስተማረው የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ በ1546 መልስ ሰጠ። በ1914 ደግሞ 93 የጀርመን ምሁራን የአገራቸውን ጦርነት ደግፈው መግለጫ ሲያወጡ የሥነ መለኮት ምሁሩ ካርል ባርት ከፈራሚዎቹ መካከል ብዙ መምህራኑን አገኘ፤ ሰው እየተሻሻለ ነው የሚለው ሥነ መለኮት በእሱ ዘንድ ያኔ ተንኮታኮተ።

በእኛ አገር ነገሩ በዘመን ይቆጠራል። በትውፊቱ አዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ቃል ተገባለት፤ አንዱ ቀን እንደ 1000 ዓመት ተቆጥሮ 5500 ይሆናል። የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር) መምህር 2017 ዓ.ም. ላይ ያንኑ 5500 ደምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ይላል፤ ለ4 ሲያካፍለው 1 ይተርፋል፣ ዘመኑ የማቴዎስ ነው። ዓመት በተቆጠረ ቁጥር ተስፋውም አብሮ ይቆጠራል። በፋሲካ ካህኑ የሰይጣንን መታሰርና የአዳምን ነጻ መውጣት ያውጃል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣ ይታያል፤ በሥዕሉ ዳኛ የለም፣ መዝገብም የለም።

ችሎቱ ግን ከእኛም አልራቀም። እመቤታችን ጥንተ አብሶ (ከአዳም የተወረሰ ኃጢአት) ነበረባት ወይስ አልነበረባትም የሚለው ሙግት ሲነሣ፣ አውጉስጢኖስን ገልጦ የማያውቀውም ሳይቀር በእሱ ጥያቄ ይከራከራል።